የዝናብ ትምህርት በበረሃ

ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ስለ ድምፄ ቅሬታ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ድምፄ ዝቅ ያለ መሆኑን አውቃለሁ፤ እናቴ ቃላችን ከአጥር እንዳያልፍ አድርጋ ነው ያሳደገችን። ይህም በክፍል ውስጥ ጎድቶኝ አያውቅም። ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ዝቅ ብሎ ከተናገረ ተማሪው ለመስማት ሲል ዝም ይላል፤ መምህሩም አይደክምም። አይከል ላይ የጀመርሁት፣ ደባርቅ ላይ ያጸናሁት፣ ጎንደር ከተማ ላይ ደግሞ ልብ ሳልለው የምሠራበት ዘዴ ይኸው ነበር። ስለዚህ በአንድ የበረሃ አገር የሴቶች ትምህርት ቤት በሒሳብ መምህርነት በተቀጠርሁ በአምስተኛው ሳምንት፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ቢሯቸው ጠርተው "ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች አይሰሙዎትም" ሲሉኝ፣ ለሌላ ሰው የተናገሩ መስሎኝ ዞር ብዬ በሩን ተመለከትሁ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ኃላፊዋ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ፣ እርሳቸውም ከሌላ የዐረብ አገር መጥተው እዚያ የኖሩ፣ ንግግራቸውን እንደ መድኃኒት መጥነው የሚሰጡ ሴት ናቸው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። ውሌን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት የሙከራ ጊዜ መሆናቸውን፣ በመጨረሻው ወር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው እንደሚያዩኝና ውሉ የሚጸናው ከዚያ በኋላ መሆኑን አንቀጹን በጣታቸው እያመለከቱ አሳዩኝ።

"ልጆቹ ካልሰሙዎት ግን የማየው ነገር አይኖርም" አሉ።

ጎንደር ላይ የነበረኝን ቦታ ለቅቄ ነው የሄድሁት። ክፍሌን ሌላ መምህር ይዞታል፤ በዓመቱ አጋማሽ ብመለስ የምገባበት ክፍል የለም። ይህ አሳስቦኛል። ከዚህ የበለጠ ያስጨነቀኝ ግን "ማስተማር አልቻለችም" ተብሎ ተጽፎልኝ መመለሴ ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ስለ እኔ በእርግጠኝነት የሚናገሩት ነገር ቢኖር ማስተማር መቻሌን ነው፤ እኔም ስለ ራሴ ከዚህ የተሻለ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር የለኝም።

ለምን ሄድሽ የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ አለ። ቸግሮኝ አልነበረም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከማላውቃቸው ልጆች ፊት ቆሜ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ማስረዳት አማረኝ። ወንድሜ ሻንጣዬን ሲያስተካክል ከልብሶቼ መካከል ጃንጥላዬን አገኘና ብድግ አድርጎ አሳየኝ። "ምነው እቴ፣ በረሃ ለመሄድ ጃንጥላ?" አለ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ ሳቀ አፍሬ ትቼው ሄድሁ። ለፀሐይ ይበጀኝ እንደ ነበረ የገባኝ እዚያ ከደረስሁ በኋላ ነው።

አገሩን ለመልመድ ብዙ አልተቸገርሁም። ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሰጥቶኝ፣ ከሕንድ ከመጣች የሳይንስ መምህርት ጋር በደባልነት ገባሁ። አሸዋው በር ተዘግቶ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተጠቅጥቆ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ጠላት ቆጥሬ ጠዋትና ማታ ጠረግሁት፤ በሁለተኛው ወር በቀን አንድ ጊዜ በቃኝ። ደባሌ በሃይማኖቷ ሥጋ አትቀምስም። ረቡዕና ዓርብ እኔም ምስርና ዳቦ ብቻ እንደምበላ ስታይ ደስ አላት፤ ሐሙስ ዕለት እንቁላል ስጠብስ ያገኘችኝ ጊዜ ግን ግራ ገባት። ጾማችንን ካስረዳኋት በኋላ፣ "እንግዲያው በሳምንት ሁለት ቀን የእኛ ወገን ነሽ፣ በተቀረው ቀን ጠፍተሻል" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ረቡዕ ምሳ የምትሠራው እርሷ ሆነች።

ያልለቀቀኝ ልማድ ሰማይ ማየት ነው። ጎንደር ላይ ሰው ጠዋት በር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ነው፤ ምን እንደሚለብስ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የታጠበ ልብስ ማስጣት አለማስጣቱን የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ አገር ሰማዩ ወሬ የለውም። ትናንት የነበረው ነው፤ ነገም የሚሆነው እርሱ ነው። ቢሆንም በየማለዳው ቀና እል ነበር።

ሌላው ያስገረመኝ ብርዱ ነው። ደባርቅ ላይ ለብሼው የማላውቀውን ወፍራም ሹራብ የለበስሁት በበረሃ ነው። ውጭው እንደ ምጣድ ሲነድ፣ የክፍሉ ውስጥ በኤሲ ይቀዘቅዛል። የእኔ ክፍል ኤሲ ደግሞ ከሌሎቹ ያረጀ ነበር። ከኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ራስ በላይ ተተክሎ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ቢዘጋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልጆቹ ይዝለፈለፋሉ። ለጥገና ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አመለከትሁ። በሁለተኛው ጊዜ መጥቶ እጁን ከማሽኑ ፊት ዘረጋና ጠየቀኝ።

"ያቀዘቅዛል?"

"ያቀዘቅዛል።"

"እንግዲያው ደኅና ነው" ብሎ መሰላሉን ይዞ ሄደ።

ስለዚህ ለመጮኽ ወሰንሁ። የምጽፈውም ሆነ የምናገረው ነገር ሥርዓት እንዲኖረው ስለምወድ፣ ጩኸቱንም በዕቅድ ጀመርሁት፤ ምሳሌውን በመካከለኛ ድምፅ፣ ሕጉን በከፍተኛ ድምፅ። ልጆቹ ሰባተኛ ክፍል ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ምን እንዳጠፉ ጠየቀችኝ። ምንም አላጠፋችሁም ብዬ እርሱንም በጩኸት መለስሁላት። በሳምንቱ መጨረሻ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ በአማርኛ የማነጋግራት አንዲት ሰው ነበረችኝ። በፎቁ ላይ ያሉትን ክፍሎች የምታጸዳ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩ ሙስሊም ሴት ናት። አሥራ አራት ዓመት እዚያ ኖራ ዐረብኛውን እንደ አገሬው ትናገራለች። ከእኔ በሦስትና በአራት ዓመት ስለምትበልጥ እታለም እላታለሁ፤ እርሷ መምህር ትለኛለች። ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን በመሆኑ ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም ሲወጣ ወለሉን ትወለውላለች። በዚያን ሐሙስ ወደ ክፍሌ ብቅ አለች።

"ምነው መምህር፣ ሰሞኑን ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?"

"ማስተማሬ ነው እታለም" አልሁ በተዘጋ ድምፅ።

"ማስተማር ነው? እኔስ ላም የጠፋባት ሴት የምትጣራ መስሎኝ ነበር።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሰማችኝ። ከዚያ ኤሲውን ቀና ብላ አየችው።

"ይኼ ነው እንዴ? እኔማ ስወለውል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ የያዘኝ እየመሰለኝ ነው የምሠራው" አለች። "ነገ ዝንጅብል በማር አፍልቼ ቤትሽ አመጣልሻለሁ። እስከዚያው አፍሽን ዝጊ።"

እርሷ ይህን ያለችው እንደ ዘበት ነው። እኔ ግን ቆርቆሮ የሚለውን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አይከል በተመደብሁበት ዓመት ያስተማርሁበት ክፍል ኮርኒስ አልነበረውም። ግንቦት ወጥቶ ሰኔ ሲገባ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ይጀምራል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ተማሪዎቹ እኔም ራሴን አልሰማም። በመጀመሪያው ቀን ጮኽሁ። በሁለተኛው ቀን በረዶ ተጨመረበት፤ አሁንም ጮኽሁ። ከጎን ባለው ክፍል የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ከገጠር የመጣው ተማሪም ሆነ ወላጁ "አያ መምህር" ነበር የሚላቸው፤ እኛም እንደዚያው እንላቸው ነበር። ጆንያ ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በዝናቡ ውስጥ መጡ፤ ምንም ሳይናገሩ ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ፤ ከሰሌዳው ጥግ ሦስት ዘመም ያሉ መስመሮች አሠመሩ። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ተማሪዎቹ ከእርሳቸው ጋር የቆየ ውል እንዳላቸው ገባኝ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሦስቱ መስመሮች ሰሌዳው ላይ እስካሉ ድረስ ማንም አይናገርም፤ መምህሩም ጭምር። መምህሩ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ይጽፋል፤ ከመካከል አንዱን ደረጃ ይዘልለዋል፤ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይቆማል። የጎደለውን ያወቀ ተማሪ ተነሥቶ ይሞላል። ቢሳሳት መምህሩ ፊቱን አይለውጥም፤ ስሕተቱን ያየ ሌላ ተማሪ ይወጣና ከሥሩ አሥምሮ ትክክሉን ይጽፋል። ዝናቡ ሲያባራ አያ መምህር ጠመኔውን መለሱልኝ።

"ከዝናብ ጋር አትጋፊ ልጄ" አሉኝ። "እሱ ከአንቺ ይበልጥ ይጮኻል፤ ደግሞም አይደክመው።"

አይከልም ደባርቅም በነበርሁበት ጊዜ ክረምት በገባ ቁጥር በዚህ አስተማርሁ። ጎንደር ከተማ ስዛወር ግን ትምህርት ቤቱ ኮርኒስ ነበረው፤ ሦስቱን መስመሮች ረሳኋቸው።

እሑድ ጠዋት፣ ይኸውም እዚያ አገር የሳምንቱ መጀመሪያ ነው፣ ክፍል ገባሁ። ድምፄ ገና አልተመለሰም። ማርከር አንሥቼ ከነጩ ሰሌዳ ጥግ ሦስት ዘመም ያሉ መስመሮች አሠመርሁ። ልጆቹ ተያዩ። ምልክቱ ዝናብ መሆኑን በእንግሊዝኛ፣ ሕጉንም በአራት አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፍሁላቸው። አንዷ ተነሥታ በአገራችሁ ቋንቋ ምን ይባላል ብላ ጻፈች፤ በላቲን ፊደል "ዝናብ" ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ስሌት ጀመርሁና ሦስተኛውን ደረጃ ዘለልሁት።

ረዘም ላለ ጊዜ ማንም አልተነሣም። ኤሲው ያጓራል። በመጨረሻ የተነሣችው ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከማሽኑ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ደካማ ናት ብዬ በማስታወሻዬ ይዣታለሁ። የጎደለውን ደረጃ ሞላች፤ ትክክል ነው። ማርከሩን አስቀምጣ ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድም ቃሌ ሳይደርሳት መቀመጧን ነገረኝ። በማስታወሻዬ የጻፍሁትን በዚያው ቀን ሰረዝሁ።

በሳምንቱ ድምፄ ተመለሰ፤ ዝናቡ ግን ቀጠለ። ልጆቹ "ዛሬ ዝናብ ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ዝናብ የምትለዋን ቃል አማርኛ በማያውቅ አፍ እንደ ጨዋታ ስም ይጠሯታል። ጥያቄ ያለው መጀመሪያ ላይ በቃል ይጠይቃል፤ ከዚያ መስመሮቹ ይሠመራሉ፤ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይደመሰሳሉ። የፈተና ወረቀታቸውን ሳርም የኋለኛው ረድፍ ከፊተኛው እኩል መቆሙን አየሁ።

አንድ ቀን በትምህርት መካከል በሩ ተከፈተና እታለም ባልዲዋን ይዛ ገባች፤ ደነገጠች፤ መልሳ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ።

"ባዶ መስሎኝ ነው እኮ የገባሁ! ሃያ ስምንት ልጅ ዞሮ አየኝ። አንዷማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እሽሽ አለችኝ፣ እኔን። ምን አስነክተሻቸው ነው?"

"ሒሳብ ነው።"

"ምን ሒሳብ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንጂ።"

"ለቅሶ ቤት ደግሞ መቼ ዝም ይባላል እታለም?"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። "እንግዲያ ምን ልበለው? ብቻ ሸጋ ነው። ሁሉም ክፍል እንዲህ ቢሆን ራሴን ባላመመኝ።"

ዝምታው ያስገረመው እርሷን ብቻ አልነበረም። ጥር ሊገባ ሲል ኃላፊዋ እንደ ገና ጠሩኝ። ውሌ ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"በመጀመሪያ ድምፅዎ አይሰማም አሉኝ" አሉ። "አሁን ደግሞ አንዲት እናት ደውለው፣ መምህሯ ጭራሽ አይናገሩም አሉኝ። የትኛው ይሻላል ብለው ያስባሉ?"

ስለ ማሽኑም ስለ ቆርቆሮውም ማስረዳት እችል ነበር። ግን አንድ ሰው ሳያይ ሲሰማው ይህ ነገር ሰበብ እንደሚመስል አውቃለሁ።

"መጥተው ቢያዩት ይሻላል" አልሁ።

የቀጠሩት ቀን በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ማግስት ሆነ። ዋዜማውንም በዓሉንም ሥራ ላይ ነበርሁ፤ እኅቴ ከጎንደሩ ጥምቀተ ባሕር ከቀሐ የላከችልኝን ቪዲዮ በዕረፍት ሰዓት አየሁት፤ ሕዝቡ ከውኃው ዙሪያ ሲጋፋና ሲረጭ ይታያል። በማግስቱ ማለዳ ከቤት ስወጣ እንደ ልማዴ ቀና አልሁ። ሰማዩ ወሬ ነበረው። ከምዕራብ በኩል ግራጫ ደመና ተነሥቶ ግማሹን ሸፍኖታል። ልቤ ሥራው ላይ ስለ ነበር ብዙም አላሰብሁበት።

ኃላፊዋ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከማሽኑ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጠው መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ሰላምታ ሰጠሁ፤ ጥያቄ ያላቸውን አስተናገድሁ፤ ሦስቱን መስመሮች አሠመርሁ። የመጀመሪያው ስሌት በደኅና አለፈ። ሁለተኛውን ጽፌ አንድ ደረጃ ዘልዬ ማርከሩን ሳስቀምጥ፣ የልጆቹ ዓይን ከሰሌዳው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ዞሬ አየሁ። መስታወቱ ላይ ጠብታ ይወርዳል።

ጣሪያው ኮንክሪት በመሆኑ አልሰማሁትም፤ ዝናብ ሲዘንብ አለመስማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያደረግሁትን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ሰው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የተከፈተ ይዘጋል፣ ሥራው በዝምታ ይቀጥላል፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ሄጄ መጋረጃውን ሳብሁ። ተመልሼ ሦስቱን መስመሮች ደግሜ አደመቅኋቸው። በዚያው ቅጽበት ኮሪደሩ ላይ የሩጫ ኮቴ በእግሬ ሥር ተሰማኝ፤ በበሩ መስታወት በኩል የሌላ ክፍል ልጆች እየተጋፉ ሲያልፉ አየሁ። መምህሮቻቸው ሥርዓት ማስያዝ አቅቷቸዋል ብዬ አዘንሁላቸው።

የእኔዎቹ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ መስመሮቹ አዩ። አንዷ እርሳሷን ነከሰች። አንዷ መጋረጃው ሥር በቀረችው ክፍተት በኩል አንገቷን አሰገገች፤ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ መጥታ የጎደለውን ደረጃ ሞላች፤ ምልክቱን ተሳስታለች። ሌላዋ ተነሥታ ከሥሩ አሥምራ አስተካከለች። ሃያ ስምንቱም እንደ ተቀመጡ ናቸው።

ያን ጊዜ ኃላፊዋ ተነሡ። በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብለው መጥተው አጠገቤ ቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ አልሰማሁም። ደገሙት። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ አሁንም አልሰማሁም። በሦስተኛው ሲያቅታቸው ማርከሩን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ከስሌቱ ሥር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "ልጆቹ ይውጡ" ብለው ጻፉ። ከዚያ የሰሌዳውን ማጥፊያ ወስደው ሦስቱን መስመሮች ደመሰሷቸው።

በሩ እንዴት እንደ ተከፈተ አላየሁም። ክፍሉ በአንድ ትንፋሽ ባዶ ሆነ።

እኔና እርሳቸው ተከትለን ወጣን። የትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ፣ መምህራኑም ጭምር፣ ግቢው ውስጥ ቀና ብለው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ደባሌ ጫማዋን አውልቃለች። ኃላፊዋ ከበረንዳው ጠርዝ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"እዚህ አገር ዝናብ ማለት በዓል ነው" አሉኝ፤ አሁን ድምፃቸው በደንብ ይሰማል። "በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት አይመጣም። ልጅ ክፍል ውስጥ ማስቀረት የሚሞክር የለም፤ ቢሞክርም አይሳካለትም። እዚህ ስኖር ዝናብ እየዘነበ የተቀመጠ ክፍል ያየሁት ዛሬ ነው።"

ጥፋቴ ገባኝና አንገቴን ደፋሁ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልሁ። "በእኛ አገር ዝናብ ሲመጣ የሚሮጠው ወደ ውስጥ ነው።"

"ከኋላ ተቀምጬ ሳለሁ" አሉ ይቅርታዬን ሳይነኩ፣ "የራሴን ሳል እንኳ አልሰማሁም። የልጆቹን ደብተር ግን አየሁ። የፊቱም የኋላውም አንድ ነው።" ቀጥለውም፤ "ያ ማሽን እንዲያ መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?"

"ለጥገና ክፍሉ አመልክቼ ነበር።"

"ምን አሉ?"

"ያቀዘቅዛል አሉ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከግቢው ጥግ እታለም መወልወያዋን እንደ መቋሚያ ተደግፋ፣ ሻሿ ርሶ፣ ወደ እኔ እጇን ታወዛውዛለች። "መምህር" ብላ ተጣራች፤ ቃሏ ከአጥር ቢያልፍም ግድ የላትም። "ነይ ውጪ! ትናንት ያመለጠሽ ጥምቀት እግርሽን ተከትሎ መጣ። እኔ እስላሟ እየተጠመቅሁ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?"

በእጄ ምልክት እዚሁ ይሻለኛል አልኋት። ዝናቡም ብዙ አልቆየም፤ ሻሽ ያራሰ እንደ ሆነ እንጂ መሬት አላጠገበም። ሲያበቃ ልጆቹ የአሸዋ ጭቃ በጫማቸው እየጎተቱ ወደ ፎቅ ወጡ። እታለም ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"በዓሉ ለእነሱ፣ የበዓሉ ማግስት ለእኔ" ብላ ባልዲዋን አነሣች። ያን ቀን አብሬያት ወለወልሁ።

ውሌ በሳምንቱ ጸና። ኤሲው በወሩ ተነሥቶ አዲስ ተተከለ፤ መሥራቱ የሚታወቀው በብርዱ ብቻ ነው። ዛሬ በለመድሁት ድምፅ እናገራለሁ፤ ከማሽኑ ሥር የምትቀመጠው ልጅም ሳትጠየቅ ትመልሳለች። ዝናቡ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በአዲሱ ማሽን የመጀመሪያ ሐሙስ ክፍል ስገባ ግን ሦስቱ መስመሮች ቀድመውኝ ሰሌዳው ላይ ተሠምረው አገኘኋቸው። ማን እንዳሠመረ አልጠየቅሁም፤ ማርከሩን አንሥቼ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የዝናብ ቀን ነው።

የእነርሱ የዕረፍት ወራት የእኛ ክረምት ነው፤ ስለዚህ ጎንደርን አሁን የማያት በዝናብ ብቻ ሆኗል። ይህን የምጽፈውም ለዕረፍት መጥቼ ነው። አያ መምህር ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ቀሐ አጠገብ ይኖራሉ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ይህንኑ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ጆሯቸው ስለ ደከመ አፌን እያዩ ነው የሰሙኝ። ሳላቋርጥ እንድናገር በእጃቸው ምልክት ይሰጡኝ ነበር።

ስጨርስ ጠየቁኝ።

"እና ሁሉም ወጣ?"

"ሁሉም ወጣ።"

"አለቃሽም?"

"እርሳቸውም ኋላ ላይ ወረዱ።"

"አንቺስ?"

"እኔ በረንዳው ላይ ቆየሁ።"

"ምነው ልጄ?"

"ጃንጥላ አልያዝሁም ነበር፣ አያ መምህር።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። ዝናቡ ግን በዚያው ቅጽበት ቆርቆሮው ላይ ስለ በረታ፣ ሣቃቸውን አየሁት እንጂ አልሰማሁትም።